የአያቴ እግር የእኔ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ሲዘዋወር ከረመ። ሐሳቡ ባጭሩ ስፖርት የከተሜ ቅንጦት ነው፣ ለሸዋ ደገኛ ምን ይሠራለታል የሚል ነው። ለእኔ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሁለቱ «እስቲ ምን ትላለህ?» ብለዋል። ሦስተኛው የድሮ ተማሪዬ ነው። ምንም ሳይጽፍ የሳቅ ኢሞጂ ብቻ ደረደረበት። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰውነት ማጎልመሻ ሳስተምር ዓመታት ስለቆጠርኩ፣ በማን እንደሳቀ አልጠፋኝም።

ላላነበባችሁት፣ ጸሐፊው የሚሉት ይኼን ነው። የደጋ ሰው አየሩ ስላጠነከረው የተለየ እንቅስቃሴ አያሻውም። አያቶቻችን ስፖርት ሳይሠሩ እድሜ ጠግበው አልፈዋል። ቀጭን ሰው ስጋት የለበትም። ጉልበቱን የሚያመው፣ ደም ግፊት ያለበትና በእድሜ የገፋ ሰው ማረፍ ነው ያለበት። በቀን 10,000 እርምጃ የሚባለው የነጋዴ ወሬ ነው። በጾም ወራት ደግሞ ሰውነትን ማልፋት ጉዳት ነው። በመግቢያቸው ላይ ኪኒሲዮሎጂ የሚባለውን ትምህርትም ኳስ ተጫዋች ማሸት ነው ብለው አልፈውታል።

ብዕራቸው ይጣፍጣል፤ አልክድም። አንዱ ነጥባቸውም ልክ ነው፤ ስደርስበት እናገራለሁ። አራተኛው፣ ጉልበቱን የሚያመው ይረፍ የሚለው፣ ግን ሰው ይጎዳል። ዝም ያላልኩት ለእሱ ነው።

ከማሸቱ ልጀምር። ኪኒሲዮሎጂ «ኪኔሲስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው። እንቅስቃሴ ማለት ነው። ትምህርቱ የሰው ልጅ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ ያጠናል። አጥንት፣ ጡንቻና ጅማት እንዴት እንደሚሳሳቡ፣ ልብና ሳንባ ሥራውን እንዴት እንደሚሸከሙት፣ አንጎል አዲስ እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለምድ። ማሸት የሌላ ሰው ሙያ ነው። (ወጌሻን እንደናቅሁ እንዳይቆጠርብኝ። እኔም ስወለም የሮጥኩት ወደነሱ ነው።)

የመጀመሪያ ቀን ተማሪዎቼን ሜዳ አላወጣቸውም። አንድ ዱካ ይዤ እገባና ክፍሉ መሀል አስቀምጣለሁ። አንዱን ጠርቼ አስቀምጠዋለሁ። «እጅህን ደረትህ ላይ አጣምርና ተነስ» እለዋለሁ። ይነሳል። «አሁን ደግሞ ወገብህን ቀጥ አድርግ። ወደፊት እንዳታጎነብስ፣ እግርህንም ወደኋላ እንዳትስብ። ተነስ!» ይታገላል፣ ፊቱ ይቀላል፣ አይነሳም። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሁሉም ይሞክራል፤ ማንም አይችልም።

ነገሩ ቀላል ነው። ስንቀመጥ የሰውነታችን ክብደት መሀሉ የሚያርፈው መቀመጫው ላይ ነው። ለመነሳት ያን ክብደት መጀመሪያ ከውስጥ እግራችን በላይ ማምጣት ግድ ነው። ሰው ሲነሳ የሚያጎነብሰው ለዚህ ነው። ከዚያ የታፋ የፊት ጡንቻና የመቀመጫ ጡንቻ ወደላይ ይገፉታል። መቀመጫው ዝቅ ባለ ቁጥር ጉልበት ይበልጥ ይታጠፋል፣ ጡንቻውም ይበልጥ ይለፋል። እናቶቻችን ቡና ሲያፈሉ ሲነሱ ሲቀመጡ የሚውሉት በዚህ ሥራ ነው። ኪኒሲዮሎጂ ይቺ ናት። ዱካውን አትርሱት፤ እመለስበታለሁ።

ደጋው ያጠነክራል ወደሚለው እንሂድ። ግማሹ እውነት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አንድ ትንፋሽ የሚያስገባልን ኦክስጅን ባሕር ጠለል ላይ ያለ ሰው ከሚያገኘው ከሩብ በላይ ያንሳል። የኢትዮጵያ ደገኛ ለዚህ የሚገርም ሰውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ፣ ሲንቲያ ቢል የተባለች ተመራማሪ ጥናት ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን ደም መርምሮ ነበር። በደቡብ አሜሪካው አንዲስ ተራራ የሚኖሩ ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር፣ ከፍ ይላል። የእኛዎቹ ግን ባሕር ጠለል ላይ እንደሚኖር ሰው ሆኖ ተገኘ። በዚህ ብንኮራ ያምርብናል።

ግን ይኼ የደም ጉዳይ ነው። ተቀምጦ ለሚውል ሰው ጡንቻ አይሠራለትም፣ ስኳሩን አያወርድለትም። ጸሐፊው አበበ ቢቂላን በማስረጃነት አምጥተዋል። እውነት ነው፣ የእኛው ሰሜን ሸዋ የጃቶ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ማራቶኑን በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰ። ይኼ ከደጋው አየር ብቻ የመጣ ቢሆን ኖሮ የጃቶ ሰው ሁሉ ሜዳሊያ በተሸከመ ነበር። አበበ ክብር ዘበኛ ሆኖ፣ ኦኒ ኒስካነን በሚባል ስዊድናዊ አሠልጣኝ እጅ፣ ዓመታት ለፍቷል። እኔን የሚደንቀኝ ደግሞ ሌላው የሕይወቱ ገጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የመኪና አደጋ እግሮቹን ሽባ አደረጋቸው። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንዴቪል ላይ፣ ዊልቸር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳደረ። እግሩ የማይታዘዝለት አበበ እጁን አላሳረፈም። እኛ ሁለት እግር ይዘን ባጃጅ እንጠብቃለን።

አሁን ወደ አያቶቻችን። እዚህ ትንሽ ልቆይ።

በመጀመሪያ፣ እድሜ የጠገቡትን የምናውቃቸው ስለተረፉ ነው። በልጅነታቸው በተቅማጥና በኩፍኝ የሄዱትን፣ በወሊድ የቀሩትን እናቶች ማን ይቆጥራቸዋል? የተረፉት ግን፣ አዎ፣ ብርቱ ነበሩ። ስፖርት ስላልሠሩ አልነበረም ብርታታቸው። ቀናቸው ራሱ ስፖርት ስለነበረ ነው።

አያቴ መንዝ ነው የኖረው። ገበያ ለመድረስ ሦስት ሰዓት ይሄዳል፣ ሦስት ሰዓት ይመለሳል። ያውም ዳገት። እኔ ከቤቴ ትምህርት ቤት በእግር 15 ደቂቃ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ለብዙ ዓመት ግን በባጃጅ ነበር የምሄደው። ያውም ለልጆች ስለ እንቅስቃሴ ላስተምር! ውሃው በቧንቧ ይመጣል። እህሉን ወፍጮ ቤት ይፈጨዋል። ማታ ሶፋ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ አልጋ። የአያቴን ባና ወርሻለሁ፣ እስካሁን እለብሰዋለሁ። እግሩን ግን መውረስ አልቻልኩም። ሰውነት የሚያውቀው ያንኑ ሳምንት የተሠራበትን ነው።

ይኼን በደንብ ያሳየ አንድ ሙከራ አለ። እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካ፣ ዳላስ ውስጥ፣ የ20 ዓመት እድሜ ያላቸው አምስት ጤነኛ ወጣቶች ሦስት ሳምንት ከአልጋ ሳይወርዱ እንዲተኙ ተደረገ። ሲነሱ ኦክስጅን የመጠቀም ከፍተኛ አቅማቸው ከሩብ በላይ ወርዶ ነበር። ወሬው እዚህ ላይ አያበቃም። ከ30 ዓመት በኋላ እነዚያኑ አምስት ሰዎች አግኝተው እንደገና ለኳቸው። 30 ዓመት እድሜ ያወረደው አቅም፣ ሦስት ሳምንት አልጋ ካወረደው ያነሰ ሆኖ ተገኘ! ስድስት ወር ልምምድ ሲሠሩ ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ የጠፋውን አቅም መለሱት። እኔ ይኼን ሳነብ ወንበሬን ቀና ብዬ አየሁት።

ሌላም አለ። በመናኸሪያ ቋንቋ የሹፌርና የረዳት ጥናት ልበለው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ያሳተመው ነው። የያኔው የለንደን አውቶቡስ ባለ ሁለት ፎቅ ነበር። ሹፌሩ ሥራውን ሙሉ ተቀምጦ ይውል ነበር። ትኬት ቆራጩ ግን በቀን ከ500 እስከ 750 ደረጃ ይወጣ ነበር። መሥሪያ ቤቱ አንድ፣ ከተማው አንድ፣ ኑሮውም ተቀራራቢ። የልብ ሕመሙ ግን እኩል አልደረሳቸውም። ትኬት ቆራጮቹን ብዙ አላገኛቸውም፤ ሲያገኛቸውም ዘግይቶ ነው፣ ገዳይነቱም ቀንሶ። ፖስታ የሚያድሉትንና ቢሮ የሚቀመጡትን ሲያነጻጽርም ያው ሆነ።

እስቲ በዓል ሰሞን የእኛን መናኸሪያ አስቡት። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በግ ያስራል፣ ይወርዳል፣ ተሳፋሪ ይጠራል፣ እንደገና ይወጣል። ሹፌሩ መሪውን ይዞ ቆሎ ይቆረጥማል። ታናሽ ወንድሜ ሹፌር ነው። አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ ጫማው አልወልቅ ይለዋል፤ እግሩ ያብጣል። ምክንያቱ ባት ነው። የባት ጡንቻ ሲኮማተር በደም መልሱ (ደምን ወደ ልብ በሚመልሰው ሥር) ውስጥ ያለውን ደም ወደላይ ይገፋል። አንዳንዶች ሁለተኛ ልብ ይሉታል። ጡንቻው ለሰዓታት ሳይሠራ ሲቀር ደምና ፈሳሽ ቁርጭምጭሚት ላይ ይከማቻል። አሁን መኪናውን ባቆመ ቁጥር ወርዶ ይዞራል፤ ተረከዙንም እያነሳ ያወርዳል። ባልደረቦቹ «ሰልፍ ጀመርክ እንዴ?» እያሉ ይቀልዱበታል።

ቢሮ ለምትውሉ አንድ የምሥራች ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2016 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ያካተተ ትንተና ወጥቶ ነበር። በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቀመጥ የሚያመጣውን ተጨማሪ የሞት ስጋት፣ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ እንደሚያጠፋው አሳይቷል። ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሄዶ መመለስ ሲደመር ይሞላል።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው ፍርድ ልስጥ። ቀን ሙሉ ድንጋይ የሚፈልጠውን፣ ወይም ዳገት ላይ ውሃ የምትቀዳውን እናት ስፖርት ሥሩ ብሎ መምከር ነውር ነው። እነሱ የሚያስፈልጋቸው እረፍትና ትክክለኛ አነሳስ ነው። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው። ከጀርባ አጥንት 40 ሳንቲ ሜትር አርቀን አነሳነው እንበል፤ የጀርባ ጡንቻው ደግሞ ከአጥንቱ የሚርቀው 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ለጀሪካኑ ብቻ ስምንት እጥፍ፣ 160 ኪሎ ያህል መሳብ አለበት። የሰውነታችን ክብደት ሳይቆጠር ነው ይኼ። ጀሪካኑን 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ብናስጠጋው በግማሽ ይወርዳል። ጭነትን አቅፎ ማንሳት የሚባለው ለዚህ ነው።

ቀጭን ሰው አያሰጋውም የሚለው ብዙ አያከራክረንም። ሞሪስንም ሰዎች ምናልባት ወፍራሞቹ ናቸው ሹፌር የሚሆኑት ብለው ሞግተውት ነበር። እሱም የደንብ ልብሳቸውን የወገብ ልክ ፈልጎ አገኘና አየው። እውነትም ሹፌሮቹ ሰፋ ያለ ሱሪ ነበር የሚለብሱት። ልዩነቱ ግን በሱሪ ልክ ብቻ የሚገለጽ አልሆነም። ስኳርም እንደዚያው ነው። ከበላን በኋላ ደም ውስጥ የገባውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ደግሞ ያለ ኢንሱሊን እርዳታ እንኳን ስኳር ያስገባል። የማይሠራ ጡንቻ በቀጭን ሰው ላይም የማይሠራ ጡንቻ ነው። በተቃራኒው፣ እንቅስቃሴ ብቻውን ብዙ ኪሎ አያስቀንስም። ቦርጭ ለማጥፋት ብቻ የጀመረ ሰው ቶሎ ተስፋ የሚቆርጠው ለዚህ ነው።

አራተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። እትዬ ነው የምላቸው። ጉልበታቸውን ሲያማቸው የሰው ሁሉ ምክር አንድ ሆነ፦ ይረፉ። ልጆቹም ከልባቸው አሳረፏቸው። ውሃ የሚያቀብል አለ፣ ቡና የሚያፈላ አለ። ሁለት ዓመት ሶፋ ላይ አለፈ። አንድ ቀን ለአመት በዓል እኔው ላፍላ ብለው ዱካ ላይ ተቀመጡ። ቡናው ደረሰ፣ ጠጣን። ሊነሱ ሲሉ አንድ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ፣ አንዱ ረከቦቱ ጠርዝ ላይ። ረከቦቱ አጋደለ። ሁለት ሲኒ ተሰበረ። እሳቸው ወደ ዱካው ተመልሰው ቁጭ አሉና ጉልበታቸውን ሳይሆን ሲኒዎቹን አዩ። ማንም አልተናገረም።

ያን ቀን ያቃታቸው ጉልበታቸው ብቻ አልነበረም። ታፋቸው ነው። ከ30 ዓመት እድሜ በኋላ በየ10 ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ጡንቻ እንቀንሳለን። ከ60 በኋላ ይፈጥናል። በላዩ ላይ እረፍት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ታፋ ሲደክም ደግሞ የሰውነቱን ሸክም ጉልበት ብቻውን ይቀበላል። ሕመሙ ይጨምራል፣ ሰውየው ይበልጥ ይቀመጣል። እንዲህ እየተዞረ ይኬዳል።

መንቀሳቀስ ጉልበትን ይበላዋል ይላሉ ጸሐፊው። ልም አጥንት፣ መገጣጠሚያ ላይ አጥንቱን የሚሸፍነው ለስላሳ ንጣፍ፣ የደም ሥር የለውም። ምግቡን የሚያገኘው መገጣጠሚያው ውስጥ ካለው ፈሳሽ ነው። ስንረግጥ ይጨመቃል፣ ስንለቅ ይመጣል፤ እንደ ስፖንጅ። ካልረገጥነው ማን ያበላዋል? እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ የብዙ ጥናቶች ድምር የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ ብግነትን አነጻጽሯል። ለጤናቸው ከሚሮጡት 3.5 በመቶ፣ ከማይሮጡት 10.2 በመቶ ላይ ተገኘ። በውድድር ደረጃ የሚሮጡት 13.3 በመቶ ነበሩ። እንግዲህ ከልክ በላይም ከልክ በታችም ችግር አለው። አጥንትም እንደዚያው ነው። ክብደት በማይሰማበት ሕዋ ላይ የሚቆዩ ጠፈርተኞች በየወሩ ከ1 እስከ 1.5 በመቶ የዳሌና መሰል አጥንታቸው ይሳሳል። አጥንት የሚጠነክረው ሸክም ሲሰማው ነው።

ደም ግፊትስ? አዘውትረው ፈጠን ብለው የሚራመዱ የደም ግፊት ታማሚዎች የላይኛው ቁጥራቸው በአማካይ ከ5 እስከ 8 ይወርዳል። ክኒኑን ጣሉ አላልኩም! ክኒኑን እየዋጡ ይራመዱ ነው የምለው። ደረት የሚጨመድደው፣ ትንፋሽ የሚያሳጥረው፣ ራስ የሚያዞረው፣ ወይም ጉልበቱ ቀልቶና ሞቆ ያበጠ ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ይኼን ጸሐፊው ቢጽፉት ኖሮ ባልተከራከርናቸው።

ለእትዬ ምን አደረግን? ጂም አልወሰድናቸውም። ከጤና ባለሙያ ጋር ተነጋግረን፣ ወንበር ላይ ሁለት ትራስ ደረብን። ጠዋት አምስት ጊዜ፣ ማታ አምስት ጊዜ መነሳትና መቀመጥ። መጀመሪያ ጠረጴዛ ይዘው፣ ኋላ ሳይዙ። ከዚያ አንዱን ትራስ አነሳን። ከዚያ ሌላውን። በመሀል ግድግዳ ይዞ በአንድ እግር መቆም ጨመርንበት፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአረጋውያን በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን የሚጠብቅ ልምምድ ይመክራል፣ እንዳይወድቁ። አንድ ቀን እየቆጠርኩላቸው ሳለ አቋረጡኝና «ልጄ፣ ይኼ ስፖርት ነው ወይስ ስግደት?» አሉኝ።

መልሱ ለስድስተኛው ነጥብም ይሆናልና አስቀድሜው ልለፍ። በጾም ሰውነት ማንቀሳቀስ ጉዳት ቢሆን ኖሮ ዐቢይ ጾም ላይ ስግደት ባልኖረ። ሙሉ ስግደት ታፋን፣ ዳሌን፣ ትከሻን አንድ ላይ ያሠራል። ስቅለት የሰገደ ሰው ቅዳሜ ሹር ደረጃ ሲወርድ ታፋው ይነግረዋል። ሲወጣ ሳይሆን ሲወርድ ነው የሚብሰው፤ ጡንቻ እየተሳበ ሲሸከም ነውና የሚጎዳው። በጾም ቀን ቀለል ያለ የእግር ጉዞ ምንም አይልም። ጠንከር ያለውን ከተበላ በኋላ ማድረግ ነው። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብቻ ጾሙንም እንቅስቃሴውንም ከሐኪሙ ጋር ይማከርበት።

የቀረው 10,000 እርምጃ ነው። ልክ ናቸው ያልኩት እዚህ ላይ ነው። ቁጥሩ በእርግጥም ከገበያ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ማንፖ-ኬይ የሚባል እርምጃ መቁጠሪያ ለሽያጭ ወጣ። ትርጉሙ የ10,000 እርምጃ መለኪያ ማለት ነው። የቶኪዮ ኦሊምፒክ ካለፈ ገና ዓመቱ ነበር፤ አበበ ለሁለተኛ ጊዜ ማራቶኑን ያሸነፈበት ኦሊምፒክ። ስልካችን ላይ የሚያቃጭለው ቁጥር መነሻው ያ ነው።

ግን ቁጥሩ ማስታወቂያ ነው ማለት እርምጃው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 አማካይ እድሜያቸው 72 በሆነ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። በቀን 4,400 ያህል የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ይልቅ የመሞት እድላቸው በግልጽ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ 7,500 አካባቢ ሲደርስ ብዙም አይጨምርም። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ሁለት ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። መካከለኛ ማለት እያወራህ መሄድ ትችላለህ፣ መዝፈን ግን አትችልም ማለት ነው። እዚህ ከተማችን ከጠባሴ እስከ በሬሳ ድልድይ ከጓደኛ ጋር እየተከራከሩ መሄድ ይቆጠራል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ዘገባ እንዳለው እ.ኤ.አ. በ2022 ከዓለም አዋቂዎች 31 በመቶው፣ 1.8 ቢሊዮን ሰው፣ ይችን እንኳን አይሞላም።

ጸሐፊው ያላነሷቸው እውነተኛ ሰበቦች ግን አሉ። የእግረኛ መንገድ በብዙ ቦታ የለም፤ ካለም ዕቃ ተዘርግቶበታል። ሴቶች ሲመሽ ብቻቸውን መራመድ ይፈራሉ፤ እውነታቸውን ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ ይቆርጣል፤ እሱ በጋቢና በኮፍያ ይቻላል። የመንገዱን ጉዳይ ለማዘጋጃ ቤት ደጋግሞ ማንሳት ነው። ለመንገድ ላይ ውሻ ግን እስካሁን መላ አላገኘሁም። ዱላ ይዤ ነው የምወጣው።